የቁራው ማጅራት

አራት ኪሎ፣ ከፎቶ ኮፒው በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ነን።
«ማተሚያ ቤት ናችሁ?» ይላል የመጣ ሁሉ። አይደለንም።
አሳታሚ ነን። ማኅተም አለን፣ ንግድ ፈቃድ አለን፣
ማተሚያ ግን የለንም።

ሁለት ሰው፣ ሦስት ወንበር፤ የአንደኛው እግር የላላ፤
እሱን ለአበዳሪ ሰጠን፣ ቶሎ እንዲነሣ በመላ።

ስለ ወፍ እናሳትማለን። ስለ ጉንዳን። ስለ ጭቃ።
ስለ ቀበና እንቁራሪት፣ ሰው ሲተኛ ስለምትነቃ።
መጽሐፍ ሻጩ ያገላብጣል፣ ጀርባውን ያያል፣ በቃ፤
«ጥያቄና መልስ የለውም? ለፈተና አይረዳም?
ወላጅ እኮ ወፍ አይገዛም።»

ወረቀትም በዶላር ይተነፍሳል፤ ትናንት የሰማነው ዋጋ
ዛሬ «አሮጌ ነው» ይባላል፣ ገና በቅጡ ሳይነጋ።

ዘንድሮ ቁራውን አወጣን።
ብሩክታዊት ሣለችው፣ ሦስት ወር ሙሉ በጠዋት መጥታ፣
ሥጋ ቤቱ ጣሪያ ላይ እንደ ዛገ በር ሲንቋቋ ሰምታ።
የኛን ቁራ፤ ምንቃሩ ወፍራም፣ ሆዱ ጥቁር፣ ክንፉ ጥቁር፣
ማጅራቱ ላይ ግን ነጭ፤ ኖራ የነካው የሚመስል ሲዞር።

ጋሽ ተካልኝ ማሽኑ አርጅቶ፣ ጥቁሩ ቀለም ገንፍሎበት፣
ነጯን ዋጣት።
ሺህ ቅጂ። ሺህ ቁራ ከራስ እስከ ጅራቱ ጠቆረ።
እኛም አላየን፤ ዐይናችን ደረሰኙ ላይ ነበረ።

ያየችው ኢክራም ናት፤ የፎቶ ኮፒዋ ልጅ፤ ሰባት ነው ዓመቷ፤
ደረጃው ላይ ተቀምጣ ገለጠች፤ ተኮሳተረ ፊቷ።
«ይሄ የኛ አይደለም። የኛ እዚህ ጋ ነጭ አለው» አለች፣
የራሷን ማጅራት ነክታ፣ ሹሩባዋ ካለቀበት፤
«ትምህርት ቤት ስሄድ አየዋለሁ። ማነው ያጠፋበት?»

ይኸው ጥያቄ። መልሱ የለንም።

ፍሉይድ ገዛን፤ ያንን ነጩን፣ ስሕተት የሚያጠፉበትን።
አራት ሌሊት፤ ብሩክታዊት፣ እኔ፣ ጋሽ ተካልኝ በጸጸት፣
ኢክራምም እስከ ሁለት ሰዓት፣ እናቷ ከታች እስክትጠራት።
መብራት ሲሄድ በስልክ ብርሃን፣ ማጅራት በማጅራት፤
አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጭረት፣ አንዱ የልጅ ጣት ያረፈበት።
ሁለት አይመሳሰሉም።

ሻጩ አየና «ተበላሽቷል» አለ፤ ዋጋ አስቀነሰ፤
አምስት ወሰደ፤ ሲሸጥ ሊከፍል፤ እስካሁን አልተመለሰ።

ስንቆጥር ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ሆነ። አንዱ አምልጦናል።
የሆነ ቤት ውስጥ ፍጹም ጥቁር ቁራ ተቀምጧል።
ያገኘው ልጅ አደራ፣ የጥርስ ሳሙናም ቢሆን ይቀባው፤
ከዚያ በፊት ግን መስኮቱን ይክፈት፤
ከጎረቤት ቆርቆሮ ላይ፣ ጀርባውን እስኪሰጥ
ይጠብቀው።