ነፋሱ ከኋላ ሲሆን

ሪዮ ማዮ ላይ ነፋስ እንቅልፍ የለው፣
ከምዕራብ ተነስቶ ሁሉን ነው የሚገፋው፤
አጥር ላይ ያሰጡትን አንሶላ ይነጥቃል፣
ሽታም ደጅ ከወጣ ሳይሸተት ያልቃል።
እናም «ቤንዚን ቤንዚን ይላል» ብዬ ስናገር
ምስክር አልነበረኝ፣ ከአፍንጫዬ በቀር።

ኤቫሪስቶ ባሌ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ፣
እጁን ለመሪው፣ ዓይኑን ለመንገዱ ሰጥቶ፣
«ምንም የለም» ይላል፤
«ፔጆም ሰውም ሲያረጅ ብዙ ይወራበታል።»
እኔ ራሴን ይዞኝ መስኮት አወርዳለሁ፣
የፓታጎንያን ጠጠር በጥርሴ እቀበላለሁ።

ሦስት ሳምንት እንዲህ። ሻርፔን አሸተትኩት፣
የወንበሩን ልብስ ገፍፌ አጠብኩት፣
በግ ሲሸልት የዋለበትን ካፖርት
አውጥቼ ሰቀልኩት።
ሽታው አለ። ደግሞ ይጠፋል።
ጠፋ ብዬ ሳርፍ እንደ አበዳሪ ደጄ ላይ ይቆማል።

አንድ ማክሰኞ ቁልፉን ከሚስማሩ ላይ አነሳሁ፣
ለማንም ሳልናገር ሩፊኖ ጋራዥ ገባሁ።

ሩፊኖ ኮፈኑን አልከፈተም፣ ኪያቬም አላነሳ።
ሲጋራውን ደጅ ወጥቶ ረግጦ አጠፋና
በርሜል ላይ ተቀመጠ፣
እንደ ሐኪም ጠየቀ።
«መቼ ነው የሚብስብሽ?»
«ቤንዚን በሞላን ዕለት። ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን፤
ታንኩ ሲጋመስ ይተወኛል።»
«ወዴት ስትነዱ?»
አሰብኩ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም።
«ወደ ሳርሚየንቶ፣ ነፋሱ ከኋላችን ሲሆን።
ወደ ተራራው ስንወጣ፣ በግንባራችን ስንገጥመው፣ የለም።»

«እንግዲያው ሞተሩን ተይው» አለ። «ካርቡራቶር ቢሆን ኖሮ
ከፊት በሚመጣው ነፋስ ነበር የሚገባልሽ አብሮ።
ታንኩም ከሥሩ ቢያፈስ ጎዶሎውንም ይሸት ነበር፤
ያንቺ ቀዳዳ ከላይ ነው፣ ሲሞላ ብቻ የሚናገር።»

የጋራዡን በር ዘጋ። ነፋሱ ውጭ ቀረ።
በዚያ ጸጥታ ውስጥ ሽታው ራሱ መናገር ጀመረ።
የኋላ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ትርፍ ጎማውን አውጥቶ፣
ምንጣፉን እንደ ቆዳ ገፎ፣
የመሙያውን ቱቦ መታጠፊያው ላይ በአውራ ጣቱ ተጫነው፤
እንደ ከንፈር ተሰነጠቀ። ድርቀት ነው የበላው።
ዙሪያው ያለው አቧራ ርሶ ጠቁሯል።
«አሽትቺው» አለኝ።
አሸተትኩት፤
ለአንድ ክንድ ጎማ ማልቀስ አማረኝ።

ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ጥቅል ቆረጠ፣ ቤንዚን ከማይበላው፤
ሁለት አዲስ ፋሼታ፣ ካቻቪቴ፣ ትንሽ ስድብ።
ታንኩን እስከ አፉ ሞላ፣
መኪናዋን ጀርባዋን ለነፋስ አሰጥቶ አቆማት፣
ሁለታችንም ገባን፣ መስኮት ዘጋን፣ ሩብ ሰዓት ዝም አልን።
የእጁ ሳሙና ብቻ ሸተተኝ።

ሒሳቡን ስከፍለው «ኤቫሪስቶስ?» አለ።
«እሱማ ምንም የለም ባይ ነው።»
አሮጌውን ቱቦ አገላብጦ አየው።
«ይህን ያልሸተተው ሰው ግትር ብቻ አይደለም።
ሌላ ነገር ጠይቂው።»

ስመለስ ድስቱ ታወሰኝ፣
እሱ አጠገቡ ጋዜጣ ሲያነብ አርሮ የከሰለው፤
የኮመጠጠው ወተት፣ ዝም ብሎ የጨለጠው፤
ደግሞ አንገቴ ሥር አፍንጫውን መቅበር
መቼ እንደተወ እንኳ ልብ ያላልኩት ነገር።

አጥሩ ጋ ሽቦ ሲወጥር አገኘሁት።
ቱቦውን መዳፉ ላይ አኖርኩለት።
ወደ ፊቱ አላስጠጋውም።
ስንጥቁን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቱ ዳሰሰው።
«ካለፈው ክረምት ወዲህ» አለ፤ የቀረውን ነፋስ ወሰደው።
ጠጋ አልኩ።
«ጉንፋኑ ሲሄድ ይዞት ሄደ። ይመለሳል ብዬ...»
«በጎቹንም?»
«በጎቹንም።»
«እኔንም?»
ፒንሳውን ኪሱ ከተተ። መልሶ አወጣው።

ብዙ ቆይቶ፣
«ዛሬ ምን ምን ትያለሽ?» አለኝ።
መዳፌን አሸተትኩ። መዋሸት እችል ነበር።
«ቤንዚን ቤንዚን» አልኩት።