የእናቴ ሲሚንቶ

እናቴ ግቢዋን በሲሚንቶ ለብጣ፣
በስንጥቁ ሣር ቢወጣ በቢላዋ ቧጥጣ፣
ስልሳ ዓመት ኖረች።
መጋቢት ላይ ሞተች።

ቤቱ ለእኔ ደረሰኝ፣ ከነግራጫ ደጁ፣
ከነምድር ቤቱ፣ ከነድንች፣ ከነወይን ጠጁ፤
ቁልፉን ተረክቤ በሩ ላይ ስቆም፣
"ይሄ ግቢ" አልኩኝ "የሰው ግቢ አይደለም።
የመኪና ማቆሚያ፣ መኪና የሌለው፤
ወፍ እንኳ ሲያልፍበት ክንፉን የሚያፈጥነው።"

ሠላሳ ስድስት ዓመት ደብዳቤ ሳድል፣
የሰዉን አጥር ሁሉ አውቀዋለሁ በውል፦
የእነ ቦጎሚልን የጽጌረዳ ቅስት፣
የመምህሯን ላቬንደር፣ ንብ የሰፈረበት፤
የእኛ ደጅ ስደርስ ግን፣ ቦርሳዬን አንግቼ፣
የመብራት ሂሳቧን ጥዬ እሄድ ነበር ሸሽቼ።

ጡረታ ወጣሁኝ። የድራቫ ሰኔ፣
ወንዙን እንደ መስታወት አበራው በዓይኔ፤
ቼሪው ቀይ ሆነና፣ ሊንደኑም አበበ፣
እጄ ሥራ ፈትቶ መዶሻ አሰበ።

ጡረተኛው የሐዲድ ሰው፣ ጎረቤቴ ቦጎሚል፣
መዶሻ አዋሰኝ፣ አምስት ኪሎ የሚያህል።
"ሚልካ ብታይሽ፣ ዝደንካ!" ሌላ ቃል አልጨመረ።
በመጀመሪያው ምት ክንዴ ተንዘረዘረ፤
በአሥረኛው ምት ላይ መስመር ተሰመረ።

በቀን ሁለት ሜትር። በቀን ሦስት ጋሪ።
አፈሩ ብቅ አለ፣ እንደ እንግዳ አፋሪ።
ትል አየሁ፣ አለቀስኩ። ትል ያስለቅሳል ወይ?
ስልሳ ዓመት በጨለማ፣ እንዴት ነህ? ደህና ነህ ወይ?

ላቬንደር ተከልኩኝ፣ ቲማቲም ከጎኑ፣
አግዳሚ ቸነከርኩ፣ ለማምሻው፣ ለቀኑ፤
በልቤም ከእናቴ ጋር ክርክር ያዝኩኝ፦
"አየሽ? ይሄን ያህል ነው የከለከልሽኝ።"

ሐምሌ እኩሌታ ላይ ሌሊት ሰማይ ወረደ፣
ከፖሆርዬ ተራራ ውሃው እየነጎደ።
መስኮት ከፍቼ ቆሜ "ጠጣ" አልኩት አፈሩን፣
"ጠጣ፣ ተቀበላት የስልሳ ዓመት ዕዳህን።"

ጠዋት ድንች ላመጣ ወደ ምድር ቤት ወረድኩ፤
ሦስተኛው ደረጃ ላይ እግሬ ራሰና ቆምኩ።
ድንቹ ተንሳፍፏል። ቅርጫቱ ይዋኛል።
የእናቴ ጫማ፣ አንድ እግሩ፣ ወደ እኔ ይመጣል።

ቦጎሚል ቁልቁል አይቶ ባርኔጣውን አነሳ፦
"ይሄ የቆየ ነው። ሰው ሁሉ ነው የረሳ።
አንቺ ገና ሳትሄጂ፣ ምንጭ ነበር በዚህ ሥፍራ፣
ዝናብ ሲጥል ምድር ቤቱን የሚሞላ እንደ እንስራ።
አባትሽ ፋብሪካ ያድራል፤ ሚልካ ሌሊት ብቻዋን፣
አንቺን በጀርባዋ አዝላ ትቀዳ ነበር ውሃውን።
በመጨረሻ ሲሚንቶ ገዝታ፣ በገዛ እጇ አቡክታ፣
ግቢው ላይ አፈሰሰችው፣ የምንጩን ድምፅ አጥፍታ።"

ምንም አልመለስኩም።

ሁለት ቀን ሙሉ ቀዳሁ። ባልዲ። ደረጃ። ባልዲ።
በሃያኛው ላይ ይሁን በሠላሳኛው እንጃ፣
የቢላዋዋ ነገር ገባኝ፦
ሣር ስንጥቅ ያሰፋል፣ ስንጥቅ ውሃ ይጠራል።
ሰው እናቱን ለማወቅ ስንት ባልዲ ይቀዳል?

ነሐሴ ቦይ ቆፈርኩ። ከምንጩ አፍ ጀምሬ፣
የሲሚንቶዋን ስባሪ በግራ በቀኝ ደርድሬ፤
በላቬንደሩ ሥር አልፎ፣ በአግዳሚው ጀርባ ዞሮ፣
እስከ መንገዱ ቱቦ ውሃው ሄደ አንጎራጉሮ።
አይሪስ ተከልኩ ከዳሩ። ሳልጠራት እንቁራሪት፣
በሦስተኛው ቀን መጥታ ያዘችው እንደ ርስት።

ቦጎሚል መዶሻውን ሊወስድ መጣ ማታ።
አግዳሚው ላይ ተቀመጥን፣ ሳንናገር ለአፍታ።
ቲማቲሙ ግማሹ በስብሷል፣ እውነት ነው።
ላቬንደሩም እርጥበት ጠልቶ ቢጫ ነው።
ምድር ቤቱ ግን ደረቅ ነው።

ከሲሚንቶው አንዱን ጥግ ሳልነካው አስቀረሁ፤
እሷ ቢላዋዋን ይዛ የምትቆምበት ነበር፤ እኔም ቆሜ አየሁ፦
ከዚያ ጥግ ነው ውሃው ጠርቶ የሚሰማው።
ስልሳ ዓመት ትሰማው ነበር? ማን አለ የምጠይቀው።