የዘለለችው ክር

ከፋብሪካው ጀርባ፣ ከጥጥ ማራገፊያው፣
ቅዳሜ ሲመሽ ነው ዓለም የሚመጣው፤
ሐረጎን ዘቅዝቆ፣ ፍሬኑ ተንጫጭቶ፣
በቆርቆሮ ሣጥን ተጠቅልሎ ገብቶ።
ሙሄ ነው የሚከፍተው፤ ቀን የቦይለር ወዳጅ፣
ማታ ማታ ደግሞ የጥላ አስተናጋጅ።

የክበቡ ግድግዳ ኖራው ተላልጦ
ሰው አይበቅልበትም።
ስለዚህ ከመጋዘን አቡጀዲ ወጣ፣
«ለገበያ አይሆንም» ተብሎ የተቀጣ።

አውቃታለሁ ያቺን ጨርቅ።
በአርባ ሰባት ቁጥር መኪና ሸምኜ፣
ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፣ በእንቅልፍ ተሸፍኜ፣
አንዲት ክር ዘለለች።
ተቆጣጣሪያችን ጠመኔ አነሳ፣ ቀይ፤
«በሦስት ብር ከስሙኒ እንቅልፍ ገዛሽ፣ አይደል ወይ?»
ከደሞዜ ቆረጠ። ጨርቋም ተጣለች።

መጀመሪያ ሩሲያ መጣች ከነበረዶዋ፤
ኮምቦልቻ በላብ ተጠምቃ፣ በእጇ ማራገቢያዋ፣
ወታደር ከጦር ሜዳ ሲመለስ አየች፤
አንዲት እናት በር ላይ ዝም ብላ ቆመች።
ያን ጊዜ ነው ያየኋት፦
በግራ ጉንጯ ላይ፣ ከዓይኗ ትንሽ ወረድ፣
ክሬ ተጋድማለች፣ ቀጥ ያለች እንደ መንገድ።
ማንም ምንም አላለ። ጠባሳ መሰላቸው፤
ጦርነት ነው፣ ያቆስላል፤ ምን ይደንቃቸው።

በሳምንቱ ህንድ መጣች፤ ሁለት ሰርግ፣ አንድ ባቡር፣
የተጠፋፉ መንትዮች፣ ዝናብ፣ የሚጨፍር መንደር።
ሙሄ ሂንዲ አያውቅም፤ ቢሆንም ተረጎመ፤
«ይኸ ሰው አባቱ ነው» ሲል ክበቡ ታመመ።
ኋላ ላይ አጎቱ ነው አሉ።
እንባችንን ማን ይመልስ፣ ያንን ሁሉ?
ሙሽራይቱም ክር ነበራት፤
በወርቁ መሃል አየኋት።

የግብጹን ሐጂ ይመር ይተረጉሙልናል፤
ከንፈርና ከንፈር ሲቃረብ ሳል ይይዛቸዋል።

የጃፓን ጽሑፍ ደግሞ እንደ ዝናብ ነው፤ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል።
አንድ ሽማግሌ ጀልባ ይጠግናል፤ ዝም ይላል፤
ይጠግናል፤ ዝም ይላል፤
«ኧረ ተናገር!» ሲል ከኋላ አግዳሚ አንዱ ጮኸበት።
ክሯ ብቻ ተንቀጠቀጠች፣ ነፋስ ጨርቋን ሲነካት።

ሴኔጋል ሲመጣ ደነገጥን፦ ሰዎቹ እኛን ይመስላሉ።
ዓሣ ሻጮቹ ሲነታረኩ፣ በዋጋ ሲማማሉ፣
«ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ነው!» ብላ ዘምዘም ሳቀች፣
ጎረቤቷን ከነስሟ ከስክሪኑ ላይ ጠራች።

ጣሊያንም መጣ አንድ ማታ። ድሃ ሆኖ።
ዳቦ ተራ ቆሞ፣ ኮቱ ነትቦ፣ ጉንጩ መንምኖ።
ዘበኛው ጋሽ አራጋው፣
በልጅነቱ ለነሱ መንገድ ድንጋይ የፈለጠው፣
ጀርባውን እያሻሸ «ለካ እሱንም ይርበዋል» አለ።
ሌላ ቃል አልጨመረ።
ሰው ወጥቶ ሲያልቅ እሱ ባዶውን ጨርቅ እያየ ነበር።

አንድ ሰሞን ሙሄ ጨርቋን ዘቅዝቆ ሰቀላት፤
ክሬ ወደ እግር ወረደች፤ ፊቱ ሁሉ ጠራ፣ ለሰለሰ።
ሰው ተቆጣ። «ምን ነካቸው? ታጠቡ እንዴ?» አሉት፤
«የጥንቶቹን መልስ!»
መለሰ።

ለማንም አልነገርኩም። እንዴት ይባላል?
«የዓለም ሕዝብ ፊቱ ላይ የኔ እንቅልፍ ይታያል»?

ዛሬ ክበቡ የሲሚንቶ መጋዘን ነው። ሙሄም የለ።
ረውዳ፣ የልጄ ልጅ፣ ስልኳን ይዛ አጠገቤ ትቀመጣለች፤
«እማማ፣ ምን ላሳይሽ? የኮሪያ? የቱርክ? የናይጄሪያ?»
ዓለምን በአውራ ጣቷ ትገፋለች፣
ምስር እንደሚለቅም ሰው።
ፊታቸው የተላጠ እንቁላል ነው። ጠባሳ የለው፣ ክር የለው።

አንዲት የኮሪያ ልጅ በር ላይ ቆማ ታለቅስ ነበር።
ከሻርፔ ጫፍ ክር መዝዤ፣ በምራቄ አርሼ፣
በግራ ጉንጯ በኩል ላጋድማት ስል
ጣቴ መስታወቱን ነካው። ፊልሙ ቀጥ አለ።
ልጅቱ አፏን እንደከፈተች ቀረች።
ረውዳ ልታስቀጥለው እጇን ዘረጋች።

«ቆይ» አልኳት። «ቆይ፤ ትንሽ ልያት።»