ከባልዲው ስር

መጋቢት በሎፎተን፤ ባሕሩ ብረት መስሎ፣
ነፋስ ከዋልታው በኩል ጥርሱን ስሎ ስሎ
የጀልባውን ገመድ ያስፏጫል ሌት ተቀን።
ኢቨር፣ ስምንት ዓመቱ፣ የአባቱን ጓንት ለብሶ፣
እጅጌውን ሁለቴ ወደ ላይ መልሶ፣
የኮዱን ዓሣ ራስ በሹል ብረት ሰክቶ
ምላሱን ይቆርጣል በአንድ ምት ለይቶ።

በዚያ ደሴት ወግ ነው፤ ምላሱ የልጆች ነው፣
ቆርጦ የሸጠ ልጅ ገንዘቡም የራሱ ነው።
ስልሳ አንድ ደርሷል። ይቆጥራል ጮክ ብሎ።
ክርኑ ነካ ሲያደርገው
ባልዲው ተንከባልሎ
ስልሳ አንዱም ምላስ በረዶው ላይ ፈሰሰ፤
ሲያደቡ የዋሉት የባሕር አሞሮች
ወረዱ ተንጋግተው እንዳልተጠሩ ሰርገኞች።

ልጁ ጮኸ።
ባልዲውን በእርግጫ ለጋው።
ቢላውን ወረወረ፤ ጣውላው ላይ ተተክሎ
ለረጅም ጊዜ ተንቀጠቀጠ እጀታው።

አክስቱ ሲግሩን ከመሰንጠቂያው ዞራ
«ዝም በል!» አለችው፣
«ለባልዲ ነው እንዴ ይሄ ሁሉ ፉከራ?»

ድምፁ የሷ አልነበረም።
ሠላሳ ዓመት አድፍጦ፣ ከአባቷ ጉሮሮ ወጥቶ
የመጣ ድምፅ ነበር፣ በሷ አንደበት ገብቶ፤
ያው ቃል፣ ያው ዜማ፣ ያው ግንባር መቋጠር።
ልጅ ሳለች በዚሁ ወደብ፣ በዚሁ በር
እንባዋን ከነጨው ትውጠው ነበር።
«ሆድ ይፍጀው» እንላለን፤ ሆድ ግን አይፈጅም፣
ያስቀምጣል እንጂ። ያስቀመጠውም አያረጅም።

ጓንቷን አወለቀች።
ቢላውን ከጣውላው ነቅላ ኪሷ ከተተች።
እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ በርከክ አለች፣
ዓይኗ ከዓይኑ እኩል እስኪሆን ወረደች።

«ጮኽኩብህ» አለችው። «ጥፋቱ የኔ ነው።
ቢላ አይወረወርም፤ እሱ ግን ሕግ ነው።
ንዴቱ…» ቆም አለች፣ «ንዴቱ ያንተ ነው፤
አልቀማህም። የት ላይ ነው የያዘህ?»

ልጁ ደረቱን ነካ። ቀጥሎ ጉሮሮውን።
«እዚህ። እንደ ዓሣ አጥንት።»
«አሃ» አለች። «አጥንት ያማል።»
ሌላ ነገር አልጨመረችም።

ዝምታ። ክሬኑ ተንቋቋ። የአንዱ ጀልባ ሞተር ጠፋ።
አንድ ደቂቃ አለፈ፤ ምናልባትም ሦስት።
እኔ ብሆን ያኔ ከረሜላ ፍለጋ ኪሴን እዳብስ ነበር፣
ምክር እጀምር ነበር፣ ወሬ እቀይር ነበር፤
የልጅ ዝምታ ሲረዝም ያስፈራኛል፣ አልክድም።
እሷ ግን ጉልበቷ እየደነዘዘ፣ አልተነሳችም።

ከዚያ ልጁ፣ የጫማውን ክር እያየ፦
«መርከቧ ዛሬም ቀረች።»

ለካ ባልዲው አይደለም።
ከባሕሩ ማዶ፣ ቡዶ ሆስፒታል፣ እናቱ ከአራስ ልጅ ጋር ናት፤
«ሐሙስ እመጣለሁ» ብላ ሐሙስ ማዕበል ዘጋት፣
ዓርብም አለፈ፣ ቅዳሜም፤ ዛሬ ማክሰኞ ነው።
«ደግሞ» አለ፣ ድምፁ እንደ ክር ቀጥኖ፣
«ያንን ሕፃን አልፈልገውም።»
ብሎ ትከሻውን ሰበሰበ፣
የተሰነዘረ በትር እንደሚጠብቅ ሰው።

«ነውር!» ሊል ይችል ነበር የሲግሩን ከንፈር፤
«ወንድምህ አይደል ወይ?» ሊልም ይችል ነበር።
«እሺ» ብቻ አለች።
«እናትን ማካፈል ይከብዳል፤
ሳይጠይቁህ ሲሆን ደግሞ ይብሳል።»

የቅድሙ ጩኸት ነበር፤ ለቅሶው አሁን መጣ፣
ከስድስት ቀን በታች ተቀብሮ የኖረው ወጣ።
ፊቱን በዓሣ ቅርፊት በተለበጠ ልብሷ ቀበረ፤
«በቃ» አላለችውም፣ ሰዓቷንም አላየችም፤
መዳፏ ጀርባው ላይ እንደ መልሕቅ አደረ።

ማዕበሉ አልበረደም።
መርከቧም በዚያ ቀን አልመጣችም።
አሞሮቹ የበሉትን አልመለሱም።
ልጁ አፍንጫውን በጓንቱ ጠርጎ ባልዲውን አቃና፣
የተረፈውን ለቀመ፣ አጎንብሶ፣ ቀስ ብሎ።
«ስንት ቀረህ?»
«አሥራ ዘጠኝ።»
ቢላውን ከኪሷ አወጣች፣
ስለቱን በራሷ በኩል፣ እጀታውን በሱ በኩል አድርጋ
ዘረጋችለት።

አንድ የዓሣ ራስ አነሣ፣ ብረቱ ላይ ሰካ።
«ሃያ» አለ።