ስም የሌለው ቁልፍ

ድረ ገጹን የሠራሁት እኔ ነኝ፤
ደሴ፣ ማዘጋጃ ቤት፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣
ጦሳ ጉሙን ጥሎ መስኮቴን ሲጋርደኝ
ቀለም ስመርጥ ከረምኩ፣
ደሴ ላይ ክረምቱን የማይታይ ሰማይ።

የተመረቀ ለት ሪባን አልነበረም፣ መቀስ ግን መጣለት፤
«ሰልፍ ከእንግዲህ ቀረ!» ተባለ፣ ተጨበጨበለት፤
እኔም አዲስ ከረባት አሰርኩለት።

በሦስተኛው ቀን መዲና እንድሬ መጣች፣
የሆጤዋ መምህርት፤
ነጭ በትሯን አጥፋ፣ ላፕቶፗን ዘርግታ፣
«የጣሪያ ግድግዳ ግብሬን ልከፍል ነበር፤
ይኸው ከትናንት ወዲያ አንስቶ ደጅህ ላይ አለሁ» አለች።

«ስጪኝ፣ እኔ ልሙላልሽ።»
«አብሽር፣ እጅስ አለኝ።
ወንበር ሳብና አብረኸኝ ስማልኝ።»
ጣቷ ሁለት ጊዜ ነካ ቢያደርግ
የስክሪኑ ብርሃን ድርግም አለ።
«በል እንግዲህ፣ እኔ በምገባበት ግባ።»

ምስል። ሁለት፣ ዜሮ፣ አራት፣ አንድ።
ቁልፍ።
ቁልፍ።
ስም የሌለው ቁልፍ።
ምስል። ቁልፍ።

«ምስሉ ምንድን ነው?»
«ደብዳቤ ነው» አልኳት፣ «ቀነ ገደቡ ያለበት፣
ፎቶ አንስተን የለጠፍነው።»
«ታዲያ ለኔ ማን ያንብበው? ማኅተሙ?»
ቁልፎቹን አንድ በአንድ እየነካች፣ ለራሷ ያህል፦
«ምን ዓይነት ቤት ነው ይህ፣ ቁልፉ የበዛበት፣
በሩን ግን አናጢው መትከል የረሳበት!»

ወደ ታች ወረደች። ያ ድምፅ ቀጠለ፦
ሰው መሆንዎን ያረጋግጡ።
የትራፊክ መብራት ያለባቸውን ምስሎች ይምረጡ።

ዝም አልን።
ከመንገዱ ማዶ ረዳቱ ይጮሃል፦
«ኮምቦልቻ የሞላ! አንድ ሰው! አንድ ሰው!»
ጆሮዋን ወደዚያ አዘነበለች፤
«ያ ልጅ ሳያጣራ ሰው ብሎ ይጭነኛል፤
ያንተ መሥሪያ ቤት ግን ምስክር ይለኛል።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሂሳብ አስተማርኩ፣
ሁለት ወለድኩ፣ አንዱን ቀበርኩ፤
ሰው መሆኔን በአምፖል አስመስክሬ ግን አላውቅም።»

ከረባቴን አላላሁ።

አለቃዬ አቶ አበጋዝ «እንዲህ ያለው ስንት ሰው ነው?» አሉ።
ቆጣሪውን አየሁ።
ቆጣሪው የገባን ይቆጥራል፤
ደጅ የቀረን በምን ያውቃል?

ሌሊት ሌሊት ለቁልፎቹ ስም አወጣሁ፣
እንደ ወሎ ቤተዘመድ፣
ለግማሹ በክርስትና፣ ለግማሹ በአቂቃ፦
«ክፈል»፣ «ተመለስ»፣ «ላክ»።
ደብዳቤውን በፊደል ጻፍኩት፤
(«ያለ ማኅተም?» አሉ አቶ አበጋዝ፣ እስካሁንም ይላሉ።)
ሰዓቱንም አራዘምኩት፤
ኮምቦልቻ ፋብሪካ ሦስት ጣቱን ማሽን የበላው ጌጡ
ስሙን ጽፎ ሳይጨርስ ገጹ እያባረረው ነበርና።
ያን ክረምት ሙሉ የመረጥኩትን ሰማይ አጠቆርኩት፤
ነጭ ላይ ሲያርፍ ለደከመ ዓይን አይነበብም አሉኝ፤
አሁን ሊዘንብ የደረሰ ይመስላል፣
እውነተኛውን የደሴ ሰማይ።

መብራት በጠፋበት ሌሊት ስልኬ ጮኸ።
«ከፈልኩ» አለች፤ «ደረሰኙንም አነበበልኝ።»
ስነሳ ጉልበቴ ከጠረጴዛው ተላተመ።
«ምን ሆንክ?»
«መብራት ጠፍቷል እኮ።»
«ጠፍቷል እንዴ?» ብላ ሳቀች፣ ረጅም ሳቅ፤
ከዚያ ድምፅዋ የመምህርት ሆነ፦
«አራተኛው ገጽ ላይ፣ ከታች፣ በስተግራ፣
አንድ ቁልፍ አሁንም ስም የለውም።»

ጠዋት ገብቼ ፈለግሁት።
«አቤቱታ» የሚለው ነበር።