ከመጋረጃው ጥግ

የኔ ሥራ ሹክሹክታ ነው፣
ቃል ለጠፋበት ሰው ከመጋረጃው ጥግ የማቀብለው።
አርባ አንድ ዓመት በከዚራ አዳራሽ፣ በቆርቆሮው ጣራ ሥር፣
ላቤን በሽርጤ ጫፍ እየጠረግኩ የሰው ገጽ ስቆጥር።

ኑሪያ ስትመጣ የባቡር ቲኬት ቆራጭ ልጅ፣
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ባዶ እጅ።
ትሪ ይዛ ገባች፤ ትሪውን አስቀምጣ ወጣች።
በሁለተኛው ዓመትም ትሪ። በሦስተኛው አለቀሰች።
ከዚያ ሙሽራ፤ ከዚያ የሙሽራ እናት።
በመካከሉ ያለውን ዕድሜ ማንም አልጻፈላት።

አንድ ማታ ልምምድ ሲበተን፣ ከአባቷ መሥሪያ ቤት የተረፈ፣
ፊቱ በፈረንሳይኛ የጭነት ሚዛን የሰፈረበት፣ ጀርባው ያልተጻፈ
ደብተር አወጣች ከዘንቢሏ።
«ጀርባው ይበቃኛል» ነበረ ቃሏ።

የጻፈችው ስለ ሌሊት ባቡር ነው፣ ስለ አምስት ሴቶች፤
አንዷ ሦስት ጣቃ ሐር ሆዷ ላይ ጠምጥማ
«ነፍሰ ጡር ነኝ» የምትል ለፈታሾች።
እጁን ሲዘረጋባት «ረገጠኝ! ረገጠኝ!» ብላ ትጮኻለች፤
አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል።
ኋላ፣ ዕቃው ድሬ ሲራገፍ፣
ባዶ ሆዷን ይዛ፣ ለብቻዋ፣ ታለቅሳለች።

ቀጥሎ ፊልም ጻፈች፤ አዲስ አበባ ላከች።
አራት ወር። ቀይ እስክሪብቶ የወረደበት ወረቀት ተቀበለች፦
«ልጅቷ አባቷን ‹አንተ› ትላለች፤ ይታረም፣ ‹እርስዎ› ይባል።
ደቻቱ ወንዝ ከሆነ ውሃው የታለ? ሐይቅ ቢሆን ይሻላል።»
እኔ ተናደድኩ፤ እሷ ሳቀች።
«አቦ፣ እኛ ፈጣሪንም ‹አንተ› ነው የምንለው!» አለች።
«ውሃውማ ይመጣል፤ ደቻቱ ቀን ጠብቆ ነው፣
ሌሊት፣ ሰው በተኛበት። ያየው ነው የሚያውቀው።»

አንድም ‹አንተ› አልሰረዘች።
በሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ ካሜራ፣ በስድስት እሑድ፣ ራሷ አነሣችው፤
የአባትየውንም ሚና ሰው ብታጣ ለኔ ሰጠችው፣
ከጥጉ ወጥቶ ለማያውቀው።
ድምፄ ከሹክሹክታ አልፎ አልወጣ አለ፤ ሰባት ጊዜ ተደገመ፣
ጋሪ ነጂው ሁሉ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ታደመ።
«ተዉት በቃ» አለች፤
«ይህ አባት ሲናገር ሹክ ነው የሚለው»፤
እዚያው፣ ጉልበቷ ላይ፣ አስተካክላ ጻፈችው።

ባለፈው ጥር የሌሊት ባቡሩን ደገምነው። ኑሪያ ስልሳ ሞልቷት
የአምስተኛዋን ሴት፣ የአሮጊቷን፣ ስትጫወት፣
መሐል ላይ ዝም አለች።
አንድ ሰው ሳለ። ማራገቢያው ብቻ ከላይ ይንቋቋል።
ጣቴን መስመሩ ላይ አሳርፌ፣ ራሷ የጻፈችውን ቃል
ለራሷ አቀበልኳት፤ አንዴ፣ ደግሞም አንዴ።
ዞረችብኝ በሙሉ ድምጿ፦ «አቦ አውቀዋለሁ እኮ፣ እንዴ!
ልቀይረው እያሰብኩ ነው።»
አዳራሹ ሳቀ፤ ተውኔቱ መሰለው።

«ሠላሳ ዓመት ይህችን ልጅ ባዶ ሆዷን ይዛ አስለቀስኳት፤
ዛሬ ምን ላድርጋት?»
ከተራገፈው ክምር አንድ ጣቃ አንሥታ ፈታችው፤
አረንጓዴ ነበር፤ መብራቱ ሲነካው ውሃ አስመሰለው።
ልጅቷን ከትከሻ እስከ እግሯ አለበሰቻት፣
«ይቺ እንኳ ላንቺ ትቅር» አለቻት።
ልጅቷ የምትለው አልነበራትም፤ እኔም የማቀብላት።

እርሳስ ፍለጋ ኪሴን ስዳብስ መጋረጃው ወረደ።
«ጻፍከው?» አለችኝ ስታልፍ፣ ኩሏ ከላቧ ጋር እየወረደ።
«አልደረስኩበትም።»
«እንግዲያስ» አለች፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣
«ነገ ሌላ እላለሁ።»