ጥርኟ ተሻገረች ወይ?

ቅዳሜ ማታ ነው፤ ክረምት የገባ ለት፣
ሂርማታ ገበያ፣ አዴ ሰዓዳ ሻይ ቤት፣
ከማቀዝቀዣው በላይ፣ ጥጓ በተሰነጠቀች ቴሌቪዥን፣
ነዚፍ አባ ራያ ሲያንሾካሹክልን።
“ቀስ በሉ” ይለናል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
“እንግዶቹ እኛ ነን”፣ ትንፋሹን ሸሽጎ።
እኛም ብርጭቆውን ሳናንኳኳ እንይዛለን፣
ስኳር ስናማስል ማንኪያ እናባብላለን።

ያን ለት ጥርኝ ነበረች፣
በለጠ ጫካ ውስጥ፣ መንገድ ዳር የቆመች።
ሁለት ልጆቿ ከኋላ፣ ሦስተኛው ባፏ ተንጠልጥሎ፣
ከዳገቱ አናት የጭነት መኪና መብራት ብቅ ብሎ፤
“እዩዋት” አለ ነዚፍ፣ “አሁን ልት—”
መብራት ሄደ።

ጅማ ነው፤ መብራት ይሄዳል።
ሰው ሻማ ሳይጠብቅ ሂሳቡን ይከፍላል፣
ሙዘይን ባጃጁን ደጅ ላይ ያስጮሃል።
እኔ ግን ቤቴ ገብቼ፣ ጣራ ጣራውን እያየሁ፣
“ተሻገረች ወይስ አልተሻገረች?” ስል አነጋሁ።

ምን አገባህ አትበሉኝ።
አያቴ በቀርከሃ ጎጆ ጥርኝ እያጎረ፣
ዝባዱን በቀንድ አጠራቅሞ እየሸጠ ነው የኖረ፤
አባቴም በዚያ ሽታ ነው ፊደል የቆጠረ።
እኛ ቤት ጥርኝ ማለት ሚዛን ነው፣ ዋጋ ነው።
ጥርኝ እናት እንዳለው
ከነዚፍ ሰማሁ፤ ያውም እስከ ግማሹ።

ከወራት በኋላ ፈረንጅ አራዳ አገኘሁት፤
ሊስትሮ ፊት ተቀምጦ፣ የጫማው ተረከዝ ሲመታለት፣
ባንድ እግሩ ካልሲ ብቻ። ከቴሌቪዥኑ ያጥራል።
“ጋሼ፣ ያቺ ጥርኝ…” አልኩት፣ “መብራት ሄዶብን ቀርታለች።”
አልሳቀብኝም።
የቀለም ቆርቆሮ አነሳ፤ ይህ የጭነት መኪናው፣
ብሩሹ እናቲቱ፣ ሦስት የጠርሙስ ክዳን ልጆቿ ናቸው።
“ቀስ በሉ” ብሎ ጀመረ። ሊስትሮው መዶሻውን አስቀመጠ።
ቆርቆሮው አለፈ፤ ብሩሹ ከክዳኖቹ ጋር አንድ ጥግ ተቀመጠ።
“ጠዋት ማዶውን ፈለግሁ። ዱካ አለ፤ ዝናቡ አበላሽቶታል፤
የልጆቹ ሁለት ይሁን ሦስት፣ እኔም አላውቅ” ይላል።
“ለዚህ ነው በየክረምቱ የምመለሰው።”
ሂሳቡን ከፍሎ ተነሳ፣ ጫማውን አጥብቆ፣
አንዷን ክዳን ኪሱ ከቶ ሄደ፤ ረስቶ ይሁን አውቆ።

ነብር አልነካውም፤ ጉማሬም አልገለበጠው፤
ስኳር ነው፣ ያው ስኳር፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ የጣለው።

መታሰቢያው ቅዳሜ ይተላለፋል ተባለ፤
አዴ ሰዓዳ ቤት እግር መጣያ ጠፋ፤ መስኮት ላይ የወጣም አለ።
ጋሽ ጣሰው፣ የሆስፒታሉ ዘበኛ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣
“ጓሮ የሚመጣውን ጅብ በድንጋይ ነበር የምሸኘው፤
አሁን ‘ደህና እደር’ እለዋለሁ፤ ሚስቴ አበደ ትላለች።”
ረውዳ፣ ስድስተኛ ክፍል ናት፣ ጉማሬ የሣለችበትን ደብተር አቅፋለች።
ፎቶው ብቅ አለ። ያ ድምፅ “ቀስ…” ብሎ ሲጀምር
መብራት ሄደ።

ሻማ ያለ የለም። ሂሳብ ያለ የለም።
ጨለማው ውስጥ ተቀመጥን፤ ማንኪያ እንኳ አልጮኸም።
ቆይቶ ቆይቶ ሙዘይን፣ “ቦዬ እንሂድ” አለ።
ሰባት ሆነን ባንድ ባጃጅ፤ የቀረው በእግሩ ተከተለ።
ውሃው ዳር ስንቃረብ ሞተሩን አጥፍቶ
ቁልቁለቱን ዝም ብሎ ለቀቀው፣ መብራቱንም ጨርሶ ዘግቶ።

ከፊላው መሀል አንድ ነገር ተነፈሰ፤
ረጅም፣ እርጥብ ትንፋሽ፤ ጋሽ ጣሰው ኮፍያውን መለሰ፣
ከዚያ እንደገና አወለቀ።
ረውዳ ብቻ ጣቷን ዘርግታ ጆሮ ትቆጥራለች፤
“ሁለት ናቸው… ቆይ… ሦስት” ትላለች።
ጨለማ ነው፤ አይታይም።
ማንም አላረማትም።